የሚጠብቅ ሮቦት፦ እጇ አልታዘዝ ላላት ልጅ መጫወቻ የመሥራት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህን ጉዳይ ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈለገው ለአንድ ወር ያህል የሠራነውን ስህተት ሮቦቱ ራሱ መዝግቦ ስላቆየልን ነው። እኛ "ልጅቷ የምክንያትና የውጤትን ነገር ገና አልያዘችውም" ብለን በማስታወሻችን ጽፈን ነበር። መዝገቡ ሲከፈት ሌላ ነገር ተናገረ። የልጅቷም ሆነ የቤተሰቧ ማንነት እንዳይታወቅ ስምና ቦታ ትቻለሁ፤ የቀረው እንደሆነው ነው።

ልጅቷ

ዕድሜዋ 6 ዓመት ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፤ ይኸውም አንጎል ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በሚደርስበት ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። የአንጎሉ ጉዳት እየሰፋ አይሄድም፤ ጡንቻና መገጣጠሚያ ግን ልጅ ባደገ ቁጥር ይለዋወጣሉ። በእሷ ላይ አራቱንም እጅና እግር ይዟል። ጡንቻዎቿ ይገተራሉ፤ በዚያ ላይ ሳታስበው የሚመጣ መወራጨት አለ። የልጆችን ትልልቅ እንቅስቃሴ ከ1 እስከ 5 በሚመድበው መለኪያ 5ኛው ደረጃ ላይ ናት፤ ያለ ድጋፍ አትቀመጥም፣ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጋ ለመያዝም ትቸገራለች። አትናገርም፤ የሚነገራትን ግን ትረዳለች። "አዎ" ለማለት ዓይኗን ወደ ላይ ታነሣለች፤ "አይ" ስትል ጨፈን ታደርጋለች።

ዓይኗ ጤነኛ ቢሆንም አንጎሏ የሚያየውን ለማቀናበር ይቸገራል። ብዙ ነገር የተደረደረበት ቦታ ላይ አንዱን ለይታ ማየት ያዳግታታል፤ የሚንቀሳቀስ ነገርና ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ግን ቶሎ ይስባታል።

ቤት ውስጥ መጫወቻ ሞልቷል። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው ግን ሌላ ሰው ነው። እናቷ የአሻንጉሊቱን እጅ ታወዛውዛለች፣ የ9 ዓመቱ ወንድሟ መኪናውን ይነዳል፣ እሷ ታያለች። እናቷ የጠየቀችን አጭር ነገር ነበር፦ "እሷ ስታዝዘው ብቻ የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር ሥሩላት።"

ሥራውን የያዝነው እኔ፣ አንዲት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲያከናውን የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያና እናቷ ነን። እኔ የኤሌክትሮኒክሱንና የፕሮግራሙን ሥራ ወሰድኩ። ወንድሟን የቡድኑ አባል ያደረግነው ዘግይተን ነው፤ ይህም አንዱ ስህተታችን ነበር።

ከእኛ በፊት የተሠራው

ሮቦትን ከአካል ጉዳተኛ ልጆች ጨዋታ ጋር ማገናኘት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1976 ሲልቪያ ዊርና ሪኪ ኢማኑኤል በኤዲንብራ በኮምፒውተር የምትታዘዘውን የሎጎ ኤሊ (ወለል ላይ የምትሄድ ትንሽ ሮቦት) ኦቲዝም ካለበት ልጅ ጋር የተጠቀሙበትን ሥራ አውጥተዋል። የአቆስጣ (ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ) ግልገል የሚመስለው የጃፓኑ ሮቦት ፓሮ ሲዳሰስ ይመልሳል። በእንግሊዝ ሃርትፎርድሺር ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ የተሠራው ካስፓር ልጅ የሚያህል ሰው መሰል ሮቦት ሲሆን ፊቱን ቀለል አድርጎ ስሜት ያሳያል። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ እነ አል ኩክ ከባድ የእንቅስቃሴ ችግር ላለባቸው ልጆች ሮቦቶችን በስዊች፣ ማለትም በሚችሉት የአካል ክፍል በሚጫኑት ቁልፍ፣ እንዲያዝዙ አድርገዋል።

ለእኛ የቀረበው ይህ የመጨረሻው መንገድ ነው። ፓሮን ለመደባበስ የሚታዘዝ እጅ ይጠይቃል። ካስፓር የተሠራበት ዋና ዓላማም ሌላ ነው። ይህች ልጅ የምትፈልገው በእሷ ፈንታ ሄዶ የሚነካና የሚገፋ አካል ነበር።

የመጀመሪያው ናሙና

ሁለት ጎማ የሚያሽከረክሩት፣ ቢጫ ጠጉራም ጨርቅ የለበሰ፣ ሁለት ረጃጅም ጆሮ ያለው ሮቦት ሠራሁ። ጆሮዎቹን ሁለት ትንንሽ ሰርቮ ሞተሮች (ወደታዘዙበት አቅጣጫ ዞረው የሚቆሙ ሞተሮች) ያንቀሳቅሷቸዋል። በወንበሯ ገበታ ላይ ያስቀመጥነው 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ስዊች ሲጫን ሮቦቱ ለ20 ሴኮንድ ይሽከረከራል፣ ይዘፍናል፣ ጆሮውን ያማታል፣ በደረቱ ላይ ያሉት መብራቶች ይብለጨለጫሉ። እውነቱን ለመናገር በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ሲነሣ ልጅቷ ደነገጠች። ሁለት እጇ ወደ ጎን ተዘርግቶ መላ ሰውነቷ ተገተረ፤ እስክትረጋጋ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ባለሙያዋ መብራቶቹን አይታ "እነዚህን አሁኑኑ አጥፋቸው" አለችኝ። በሴኮንድ 8 ጊዜ እንዲበሩና እንዲጠፉ አድርጌያቸው ነበር። ከሴሬብራል ፓልሲ ጋር የሚጥል በሽታ አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በሴኮንድ ከ3 ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭ ብርሃን ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህን ሳላውቅ ሥራ መጀመሬ ዛሬም ያሳፍረኛል። መብራቶቹን ነቀልኩ፤ ሞተሩም ከዝግታ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲፈጥን አደረግሁ።

ድንጋጤው ቀረ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሳቀች። በአራተኛው ቀን ፊቷን አዞረች። እናቷ ከጎን ሆና ስታይ ቆይታ "አንተ፣ ይሄ እኮ የእናንተ ጨዋታ ነው፤ ልጄ አሁንም ተመልካች ናት" አለችኝ። ልክ ነበረች። አንድ ጊዜ ተጭና 20 ሴኮንድ ታያለች። ሮቦቱ ከጀመረ በኋላ እሷ የምታደርገው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ናሙና

ዘፈኑን አስወጣሁ፤ እንቅስቃሴውንም ወደ 2 ሴኮንድ አሳጠርኩት። አንዴ ሲጫን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይሄድና ይቆማል። በተጨማሪ "ጥሪ" የምንለውን ጨመርን፦ ሮቦቱ ጆሮውን ያነሣል፣ 5 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ካልተጫነ ጆሮውን ጥሎ የቅሬታ ድምፅ ያሰማል፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ይጠራል። ተራ መጠባበቅን ያስተምራል ብለን አስበን ነበር።

ውጤቱ መጥፎ ነበር። በጥሪው ጊዜ ውስጥ የምትጫነው ከስንት አንዴ ነው። አዋቂዎቹ ሁላችንም ዙሪያዋን ከበን "ተጫኚ! በርቺ! ተጫኚ!" እንላለን፤ ድምፃችን በጨመረ ቁጥር ክንዷ ይበልጥ ይገተራል። ሲብስብን አንዳችን ክርኗን ደገፍ አድርገን እናስጭናታለን። ስትጫንም ዓይኗ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔ "ትኩረት የላትም" ብዬ ጻፍኩ።

መዝገቡ

በዚህ መሃል ሮቦቱ በየጊዜው ደርቆ መቅረት ጀመረ። ሞተሩና ማይክሮኮንትሮለሩ (ሮቦቱን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ከአንድ ባትሪ ነበር የሚጠጡት፤ ሞተሩ ሲነሣ ቮልቴጁ ይወርድና ማይክሮኮንትሮለሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በኋላ ኃይላቸውን ለየሁ፤ በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከልም ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ መዋዠቅን የሚያለሰልስ ትንሽ ዕቃ) በየድኩበት፤ ችግሩም ተወገደ። ብልሽቱን ለማግኘት ግን እያንዳንዱን ክስተት ከነሰዓቱ በሚሞሪ ካርድ ላይ እንዲጽፍ አድርጌው ነበር። ካርዱን አውጥቼ ሳነብ የፈለግሁትን ብልሽት ትቼ ሌላ ነገር ላይ ዓይኔ ተተከለ።

የአንዱን ቀን መጀመሪያ እንዳለ ልገልብጠው። ሮቦቱ ጆሮውን አነሣ። በ5ኛው ሴኮንድ ጣለው። በ13ኛው ሴኮንድ ስዊቹ ተጫነ፤ ሮቦቱ ዝም። እንደገና ጆሮውን አነሣ፤ በ5 ጣለ፤ በ11 ተጫነ፤ ዝም። ሦስተኛው ጥሪ፤ በ5 ጣለ፤ በ16 ተጫነ፤ ዝም። ከዚያ በኋላ ባሉት 4 ጥሪዎች አንድም መጫን የለም።

ልጅቷ እየመለሰች ነበር። ክንዷን ለማዘዝ፣ ከመገተሩ ለማስለቀቅና ስዊቹ ላይ ለማድረስ ከ11 እስከ 16 ሴኮንድ ይፈጅባታል፤ እኔ ደግሞ በ5 በሩን እዘጋባታለሁ። ይባስ ብሎ በመንገድ ላይ ሳለች የቅሬታ ድምፅ አሰማባታለሁ። ደክማ ስትደርስ ሮቦቱ አያያትም። በአራተኛው ጥሪ መተዋ ነገሩን በደንብ እንደተረዳችው ያሳያል። ይህን ለባለሙያዋ ሳሳያት ብዙ አልተናገረችም፤ የእጅ ሰዓቷን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ከዛሬ ጀምሮ 20 ሴኮንድ ሳይሞላ ማንም አይናገር" አለች።

ልጅቷ ዓይኗን የማዞሯንም ነገር ያስረዳችን ባለሙያዋ ናት። የአንጎል የማየት ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች ማየትና እጅ መስደድን በአንድ ጊዜ ማድረግ ይከብዳቸዋል። መጀመሪያ ያያሉ፣ ፊታቸውን ዘወር ያደርጋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ይልካሉ። "ትኩረት የላትም" ብዬ የጻፍኩት ልጅቷ በሙሉ ኃይሏ በምትሠራበት ቅጽበት ነበር።

ሦስተኛው ናሙና

ለውጡ በኮድ ደረጃ ጥቂት መስመር ነው። ሮቦቱ ጆሮውን ያነሣና ይጠብቃል፤ የጊዜ ገደብ የለውም። የቅሬታ ድምፁ ወጣ። ስዊቹ ሲጫን ወዲያውኑ ይመልሳል፤ መጠበቅ ያለበት ማሽኑ እንጂ እሷ አይደለችም።

ስዊቹን የት እናድርግ የሚለው ግን ከፕሮግራሙ ይልቅ ጊዜ ፈጅቶብናል። ገበታው ላይ ሲሆን እጇ ከላይ መውረድ አለበት፤ ያ ለእሷ ከባዱ እንቅስቃሴ ነው። ቀጥለን ጉንጯ አጠገብ፣ ከራስ መደገፊያው ጋር አሰርነው። ጭንቅላቷን ማዞር ስለምትችል ጥሩ መስሎን ነበር። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ጭንቅላታቸው ወደ አንድ ጎን ሲዞር የዚያው ጎን ክንድ ይዘረጋል፣ የሌላው ይታጠፋል፤ ይህ በአብዛኛው እስከ 6 ወር ገደማ ይጠፋል። በእሷ ላይ አልጠፋም። ስለዚህ ስዊቹን በጉንጯ በነካች ቁጥር ክንዷ ይወረወራል፣ ሮቦቱም ከዓይኗ ይሰወራል። የሚሠራውን ያገኘችው እናቷ ናት። "ስትደሰት ቀኝ ክርኗን ወደ ውጭ ነው የምትገፋው" አለች። ስዊቹን በወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ ላይ አቁመን ከክርኗ ውጪ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረግነው። በመጨረሻም ቦታው ያ ሆነ።

ይህን ሁሉ ስናደርግ የስዊቹን ሽቦ በቀጥታ ሮቦቱ ሆድ ውስጥ በይጄው ስለነበር በየጊዜው ጨርቁን መቅደድ ነበረብኝ። ባለሙያዋ ከመጀመሪያው "3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ አድርግለት" ብላኝ ነበር። የአካል ጉዳተኞች ስዊቾች በብዛት የሚሠሩት በዚህ መሰኪያ ነው፤ ሮቦቱ ላይ ሴቴውን ካደረግህ ማንኛውም ልጅ የለመደውን ስዊች ሰክቶ ይጫወታል። አልሰማኋትም፤ ሦስት ጊዜ ከሰፋሁ በኋላ ሰማኋት።

ሌላው ያስቸገረን ሳታስበው የሚመጣው መወራጨት ነው። ስዊቹ በድንገት እየተነካ ሮቦቱ ይሮጣል። መጀመሪያ "1 ሴኮንድ ተጭኖ ካልቆየ አትቁጠረው" ብዬ አዘዝኩት። ክርኗ ያን ያህል ስለማይቆይ የፈለገችውም ቀረ። ወደ 0.3 ሴኮንድ ዝቅ ሳደርገው ተሻለ፤ ግን አሁንም አንዳንዴ ነክታው ምንም አይሆንም፣ እሷም ግራ ትጋባለች። መፍትሔው ሁለት ደረጃ ማድረግ ሆነ፦ ስዊቹ ገና ሲነካ አንዱ ጆሮ ወደ እሷ ዘንበል ይላል፣ 0.3 ሴኮንድ ከቆየ ሮቦቱ ይሄዳል። ማንኛውም ንክኪ እንደተሰማ ታውቃለች። በዚህ ሥራ ውስጥ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ በዚህችኛዋ ደስ ይለኛል።

ግንቡ

ወንድሟ እስካሁን ከዳር ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቀው የእንጨት ጡቦቹን አምጥቶ በሮቦቱ መንገድ ላይ ግንብ መሥራት ጀመረ። አራተኛው ጡብ ላይ ሲደርስ ሮቦቱ ሄዶ አፈረሰው። ልጁ ጮኸ፤ እሷ ሳቀች፤ በጣም ከመሳቋ የተነሣ ለመረጋጋት ጊዜ ወሰደባት። እንደገና ሠራ፣ እንደገና ፈረሰ።

ወደ አሥረኛው ግንብ ገደማ የሆነውን ሦስታችንም አይተናል። ልጁ ጨርሶ እጁን አነሣ፤ ሮቦቱ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። እሷ አልተጫነችም። 20 ሴኮንድ አለፈ። ልጁ "ደከማት መሰለኝ" ብሎ ሌላ ጡብ ሊያመጣ ዞር አለ። ጀርባውን እንደሰጠ ሮቦቱ ሄደና ግንቡ ተናደ። በሚቀጥለውም እንዲሁ አደረገች፤ እስኪዞር ጠብቃ።

ለሳምንታት "የምክንያትና የውጤት ግንዛቤ" የሚል ርዕስ ሰጥተን ስንለካ የነበረውን በዚያ ጊዜ ተውነው። ሰው ጀርባውን እስኪሰጥ ጠብቆ ግንቡን የሚንድ ልጅ ምክንያትና ውጤትን ብቻ ሳይሆን የወንድሙን ሐሳብም ያውቃል።

ያልሠራው

ነገሩ መልካም ሲሄድ ስግብግብነት ያዘን። ባለሙያዋና እኔ "እግረ መንገዷን ክንዷን ታጠናክር" ብለን ስዊቹን ትንሽ አራቅነው፤ ሮቦቱም ሦስት ጊዜ ሲጫን ብቻ እንዲሄድ አደረግን። በሁለተኛው ቀን ሮቦቱ ከፊቷ ሲቀመጥ ዓይኗን ጨፈነች። "አይ" ማለቷ ነው። ወደ ነበረበት መለስነው፤ እስክትመለስ ግን አንድ ሳምንት ወሰደባት። በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን ራሱን የቻለ መብት አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በ2006 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል እንዲጫወቱ ይላል። ሁለቱንም አውቃቸው ነበር። ማወቄ ጨዋታዋን ወደ ልምምድ ከመቀየር አላገደኝም።

ጨርቁም አልሠራም። ልጅቷ ምራቋ ይፈሳል፤ ሮቦቱ ደግሞ እቅፏ ውስጥ መግባት ይወዳል። የማይወልቅ ልብስ አልብሼው ስለነበር በሦስተኛው ሳምንት መሽተት ጀመረ። አሁን በቬልክሮ የሚወልቅ ሁለት ቅያሪ አለው።

በሮቦቱ ጆሮ ላይ ላለው ሴንሰር ኃይል እንድትሰጥ አንዲት ክብ የሊቲየም ባትሪ ገብታ ነበር። ለዚህች ልጅ አደገኛ አይደለችም፤ አታወጣትም። ቤቱ ውስጥ ግን ዘመድ ይዞት የሚመጣ ሕፃን ይኖራል። 20 ሚሊ ሜትር የምታህል እንዲህ ያለች ባትሪ ተውጣ ጉሮሮ ውስጥ ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። አስወጣናት፤ ሁሉም ነገር በብሎን በሚዘጋ ክዳን ውስጥ ካሉ ከሚሞሉ 4 የጣት ባትሪዎች እንዲሠራ ሆነ።

ውጤቱን እንዴት አየነው

የተጠቀምንበት ኪረሱክና ሸርማን በ1968 ያቀረቡትን የግብ መለኪያ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ግብ ይጻፋል፤ ከሚጠበቀው በጣም ያነሰው -2፣ የተጠበቀው 0፣ በጣም የበለጠው +2 ይባላል። የእኛ ግብ "አዋቂ ሳይነካትና ሳያዛት ጨዋታውን ራሷ ትጀምራለች" የሚል ነበር። ስንጀምር -2 ላይ ነበረች፤ በ9ኛው ሳምንት +1 ሰጠናት። አንባቢ ግን ይህን በጥንቃቄ ይውሰደው፤ ልጅ አንድ ናት፣ የሚመዝነው ቡድንም ሮቦቱን የሠራው ራሱ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

ከሁሉ በፊት መዝገብ። በስዊች ለሚሠራ ማንኛውም መጫወቻ የመጫኛ ሰዓቱን የሚጽፍ ነገር አድርጉበት፤ "ያልተቆጠሩትን" መጫኖችም ጨምሮ። እኛን ያሳሳተን ማሽኑ ትክክለኛ ያልሆነ ብሎ የሚጥለውን እኛም አብረን መጣላችን ነው። የልጁን የራሱን ፍጥነት መጀመሪያ ሳይለኩ የጊዜ ገደብ መጻፍ መልሱን አስቀድሞ መወሰን ነው።

ስዊቹ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያውቀው ልጁን የሚያለብሰውና የሚያቅፈው ሰው ነው። "ምን ማንቀሳቀስ ትችላለች?" ብለን ለሳምንታት ጠየቅን፤ መልሱ የመጣው "ስትደሰት ምን ታደርጋለች?" ሲባል ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሲደሰቱ የሚመጣው እንቅስቃሴ ሳይታዘዝ የሚመጣ ስለሆነ ጉልበት አይጨርስም።

ሮቦቱ በራሱ የሚያደርገው ነገር በበዛ ቁጥር ለልጁ የሚቀረው ያንሳል። መብራቱን፣ ዘፈኑንና ሽክርክሪቱን ያስገባሁት አዋቂ እንዲደነቅ ነበር። ወንድምና እህት ካሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይግቡ። ግንቡን እኔም ባለሙያዋም አላሰብነውም።

አሁን ያለበት

ሁለተኛ ስዊች እየጨመርንላት ነው፤ ሮቦቱ ወደ ኋላ እንዲመለስ። እስካሁን ከግንቡ ፍርስራሽ የሚያወጣው ወንድሟ ነው፤ እሱም ሰልችቶታል።

ገደብ የለሽ ጥበቃው ባትሪ ስለሚጨርስ፣ 4 ደቂቃ ካልተነካ ሮቦቱ እንዲተኛ አድርጌ ነበር። ባለፈው ወር ካርዱን ሳነብ አንድ ምሽት ላይ በ4 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ላይ አንድ መጫን አገኘሁ። ሮቦቱ ተኝቷል። እናቷን ስጠይቃት ወንድሟ ሌላ ክፍል ሄዶ እንደነበርና ልጅቷ እስኪመለስ ስትጠብቅ እንደቆየች ነገረችኝ። አሁን የመጀመሪያው ንክኪ ከእንቅልፉ ያነቃውና በዚያው ያስኬደዋል። ባትሪውን በየሁለት ቀኑ የሚሞላው ወንድሟ ነው።